እኩል ለእኩል ስለ መለያየት

ሰው ሁሉ በተወዳደረ ጊዜ ማሸነፍን ይመኛል፤ መሸነፍንም ይፈራል። ነገር ግን ከማሸነፍና ከመሸነፍ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም እኩል መውጣት ነው። ስለ ማሸነፍና ስለ መሸነፍ ብዙ ምክር ሰምተናል፤ ስለ እኩል መውጣት ግን የሚመክረን ጥቂት ነው። እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳስተምር ስኖር ስለዚህ ነገር አጥብቄ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስብ ያደረገኝ ከአገሬ እጅግ ርቆ በበረዶ ላይ የሚደረግ አንድ ጨዋታ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ጡረታ የወጣ መምህር ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ብታየው አትሳቅበት፤ የሰው ጠባይ በሥራ ላይ የሚሸሸገውን ያህል በጨዋታ ላይ ይገለጣልና። ከዚህ በታች የጻፍኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

በ2023 በጥር ወር ልጄን ለመጠየቅ ወደ ሚኒሶታ ሄጄ ነበር። ሚኒሶታ በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ከካናዳ ጋር የሚዋሰን አገር ነው፤ ከእኛ አገር የሄዱ ብዙ ቤተሰቦችም ይኖሩበታል። በዚያ ወራት ብርዱ ከመጽናቱ የተነሣ የሐይቁ ውኃ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መኪና እንኳ ይሄድበታል። የአገሩም ልጆች ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በዚህ በረዶ ላይ መንሸራተትን የሚማሩት ገና በሕፃንነታቸው ነው። ልጄም አንድ ቀን ማታ «አባዬ፥ የዚህን አገር ሰው ማወቅ ከፈለግህ የኮሌጅ ሆኪ ማየት አለብህ» ብላ ወሰደችኝ።

የእኛን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ሆኪን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በትሩ እንደ ገና በትር ጫፉ ቆልማማ ነው። የሚመታው ግን እንደ ጥንግ የሚንከባለል አይደለም፤ ጠፍጣፋና ክብ የሆነ ጠንካራ ጎማ ነው፤ ፓክ ይሉታል። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ፥ በድምሩ ስድሳ ደቂቃ ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ማታ በበረዶው ላይ የተጋፉት ልጆች በማግሥቱ ደብተር ይዘው ክፍል ይገባሉ።

በዚያ ማታ ስድሳው ደቂቃ ሲያልቅ ሁለቱ ኮሌጆች ሁለት ለሁለት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ተጫዋች ወጣና ሦስት ለሦስት ሆነው አምስት ደቂቃ ተጫወቱ፤ ጎል የሚያገባ አልተገኘም። ቀጥሎ የመለያ ምት መጣ። አንድ ተጫዋች ፓኩን ይዞ ከመካከል ተነሥቶ ብቻውን ከበረኛው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም የሌላው ወገን ተራ ይሆናል። በመጨረሻ እንግዶቹ አገቡ፤ በትራቸውንም ወርውረው ተቃቀፉ።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። እኔም «እንግዶቹ አሸነፉ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌውም «ሊጉ አንድ ነጥብ ጨምሮላቸዋል፤ በአገሪቱ መዝገብ ግን ጨዋታው እኩል ለእኩል ተብሎ ይጻፋል» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ይህ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በዚህ ብርድ የመጣው ማንም አላሸነፈም ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነውን?» አለች። እርሳቸውም መልሰው «ስድሳ ደቂቃ እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው፤ ለምን ይዋሻል?» አሏት። ሁለቱ ሲከራከሩ ከፊታችንና ከኋላችን ያሉት ሁሉ ገቡበት። እኔም ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩን ወደድሁት።

ይህ ክርክር ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ናሽናል ሆኪ ሊግ በሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር ዘንድ ቀድሞ እኩል የወጡ ቡድኖች ተጨማሪ ሰዓት ይጫወቱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1942 በኅዳር ወር፥ ይህ በመደበኛው ውድድር ቀረ፤ ምክንያቱም ቡድኖቹ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄዱት በባቡር ስለ ነበረና ባቡሩም በጦርነቱ ሥራ ተይዞ ሰዓቱ የጠበበ ስለ ነበረ ነው። ጦርነቱ አልቆ እንኳ ብዙ ዘመን ሳይመለስ ቆየ፤ የአምስት ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት የተፈቀደው ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1983 ነው። ቀጥሎም በባለ ቡድኖችና በተጫዋቾች መካከል በተነሣ የደመወዝ ጠብ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ጠፍቶ ነበርና በ2005 ሊጉ ሲመለስ ተመልካቹን ደስ ለማሰኘት የመለያ ምትን አገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሊግ እኩል ለእኩል የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ አስተውል፤ ባቡሩ እንዳያመልጥ ሲባል እኩልነት ተፈቀደ፤ ተመልካቹ እንዳይርቅ ሲባል ደግሞ እኩልነት ተከለከለ። በሁለቱም ጊዜ ሕጉን የለወጠው የተጫዋቹ ችሎታ ሳይሆን ከሜዳው ውጭ ያለ ችግር ነው።

በዚያ ማታና ከዚያም በኋላ በልጄ ቤት ከእንግዶች የሰማሁትን የደጋፊዎች አሳብ ሰብስቤ ባየው በሦስት ይከፈላል።

አንደኞቹ «እኩል የወጣ እኩል ይባል» የሚሉ ናቸው። አሜሪካኖች እኩል መውጣትን እኅትን ከመሳም ጋር የሚያመሳስሉበት አባባል አላቸው፤ ጣዕም የለውም ማለታቸው ነው። ነገር ግን እኩል የወጣ ጨዋታ ሁሉ ጣዕም የለውም ማለት ሐሰት ነው። በ1968 በኅዳር ወር ሐርቫርድና ዬል የተባሉ ሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች፥ በሆኪ ሳይሆን በአሜሪካ እግር ኳስ፥ ሁለቱም በዚያ ዓመት ሳይሸነፉ ተገናኙ። ዬል ሃያ ዘጠኝ ለአሥራ ሦስት እየመራ ሳለ ሐርቫርድ በመጨረሻዎቹ 42 ሰኮንዶች ውስጥ አሥራ ስድስት ነጥብ አግብቶ ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ዘጠኝ ሆነ። የሐርቫርድ ተማሪዎች ጋዜጣም «ሐርቫርድ ዬልን ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ዘጠኝ አሸነፈ» የሚል አርእስት አወጣ። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ለአንዱ ደስታ ለሌላው ኀዘን ሆነ። ያ ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት ቢለይ ኖሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንዲህ አይወራም ነበር ይሆናል።

ሁለተኞቹ «እስኪለይለት ድረስ ይጫወቱ» የሚሉ ናቸው። በኮሌጆች የብሔራዊ ዋንጫ ግጥሚያ ሕጉ ይኸው ነው፤ አንዱ እስኪያገባ ድረስ አምስት ለአምስት ሆነው ሃያ ሃያ ደቂቃ እየጨመሩ ይጫወታሉ። ይህ አሳብ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በ2010 በመጋቢት ወር ኲኒፒያክና ዩንየን የተባሉ ኮሌጆች በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በስኬኔክታዲ ከተማ አምስት ተጨማሪ ጊዜ ተጫውተው፥ ኲኒፒያክ ሦስት ለሁለት ያሸነፈው በ150ኛው ደቂቃ ከ22ኛው ሰኮንድ ላይ ነው። ማታ የተጀመረው ጨዋታ ያለቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በ2021ም በመጋቢት 27 ቀን የሚኒሶታ ዱሉት ዩኒቨርሲቲ ከሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ጋር በፋርጎ ከተማ ተጋጠመ። ዱሉት ሁለት ለባዶ ሲመራ ሰሜን ዳኮታ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ጎል አግብቶ እኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ አምስት ተጨማሪ ጊዜ ተጫወቱ። የዱሉት በረኛ ጡንቻው ተኮማትሮበት ወጣና ሌላ ተተካ። በመጨረሻ ዱሉት በ142 ደቂቃ ከ13 ሰኮንድ ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ይኸው ዱሉት ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሚቀጥለው ግጥሚያ ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝቶ ራሱ በተጨማሪ ሰዓት ሦስት ለሁለት ተሸነፈ። ዋንጫ በሚታደልበት ቀን እንዲህ ያለውን ድካም መታገሥ ይቻላል። ነገር ግን ዓርብና ቅዳሜ ተከታትሎ ለሚጫወት፥ ሰኞም ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ በየሳምንቱ ይህን መጠየቅ ጭካኔ ነው።

ሦስተኞቹ «በመለያ ምት ይለይ» የሚሉ ናቸው። ይህ ፈጣን ነው፤ ልብንም ይሰቅላል። የሚቃወሙት ግን «ጨዋታው የማኅበር ሆኖ ሳለ ፍርዱ ለምን የአንድ ሰው ይሆናል?» ይላሉ። በ1994 በኖርዌይ በሊልሐመር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ስዊድንና ካናዳ በመጨረሻው ግጥሚያ ሁለት ለሁለት ሆኑ፤ ተጨማሪውም ሰዓት አልለያቸውም። በመለያ ምት ፒተር ፎርስበርግ የተባለው ስዊድናዊ በረኛውን አታልሎ በአንድ እጁ አገባና ወርቁ የስዊድን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የስዊድን መንግሥት ያችን ቅጽበት በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣት። የካናዳው በረኛ ኮሪ ኸርሽ ግን መልኩ በቴምብሩ ላይ እንዲወጣ አልፈቀደም፤ ስለዚህ የልብሱ ቀለም ተለውጦ ተሣለ። ቡድኑን እስከ ወርቅ ደጃፍ ድረስ ያደረሰ በረኛ በአንዲት ምት ብቻ እንዲታወስ ሆነ። የሆኪ ብቻም አይደለም፤ በ1968 በአውሮጳ የእግር ኳስ ዋንጫ ኢጣሊያና ሶቪየት ኅብረት በናፖሊ ከተማ በተጨማሪ ሰዓት እንኳ ባዶ ለባዶ ቢሆኑ፥ ወደ ፍጻሜው የሚያልፈው ወገን የታወቀው ሳንቲም ተወርውሮ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ማን ትክክል ነው? እኔ በመጀመሪያ እንደ ሽማግሌው ነበርሁ። ኋላ ግን ያች ልጅ የተናገረችውንም ናቅሁ ለማለት አልቻልሁም። ዋንጫው አንድ ብቻ ሲሆን ለሁለት ሊሰነጥቁት አይቻልም። ሰዓቱም፥ ገንዘቡም፥ የሰው ትዕግሥትም ልክ አለው። ስለዚህ ባንድ በኩል እውነት አለ፤ እርሱም ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው። ባንድ በኩል ደግሞ ግዴታ አለ፤ እርሱም አንዱን መምረጥ ነው። ኀጢአቱ መምረጥ አይደለም፤ ኀጢአቱ ከመረጡ በኋላ «የተመረጠው ስለ በለጠ ነው» ብሎ መናገር ነው።

የኮሌጆቹን ሆኪ ያደነቅሁት በዚህ ነው። ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ከ2020 ወዲህ በደነገገው ሕግ አምስቱ ደቂቃ ሦስት ለሦስት ካልለያቸው ጨዋታው በብሔራዊው መዝገብ እኩል ለእኩል ሆኖ ይኖራል። ሊጉ የራሱን ደረጃ ለመለየት የመለያ ምት ቢያስመታ ለሊጉ ብቻ ያገለግላል። ለብሔራዊው ዋንጫ የሚያልፉት አሥራ ስድስት ቡድኖች ሲመረጡም በመለያ ምት የተገኘ ነጥብ እንደ ድል አይመዘንም። ይህ ዓይነቱ ነገር ከዚያም በፊት ነበረ። በ2020 በየካቲት ወር በቦስተን አራት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በሚወዳደሩበት ቢንፖት በሚባለው ውድድር፥ ኖርዝኢስተርን ቦስተን ዩኒቨርሲቲን በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ አምስት ለአራት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በኤን ሲ ኤ ኤ መዝገብ ግን፥ ጎሉ የገባው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተጨማሪ ደቂቃዎች በኋላ ስለ ነበረ፥ ጨዋታው አራት ለአራት እኩል እንደ ወጣ ተቈጠረ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ዋንጫውን አንዱ ይዞ ሲሄድ እውነቱ በመዝገብ ተቀምጦ ቀረ።

በነጥብ አሰጣጥም እንዲሁ ነው። በናሽናል ሆኪ ሊግ በስድሳው ደቂቃ ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈው ምንም አያገኝም። በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ሲሆን ግን አሸናፊው ሁለት፥ ተሸናፊው አንድ ያገኛሉ፤ ድምሩ ሦስት ይሆናል። ይህች አንዲት ነጥብ ከየት መጣች? ስለዚህ ቡድኖቹ በመጨረሻው ደቂቃ ላይ እኩልነቱን ጠብቀው መቆየትን ይመርጣሉ እያሉ ደጋፊዎች ያማርራሉ። በብዙዎቹ የኮሌጅ ሊጎች ግን ጨዋታው ሁሉ ሦስት ነጥብ ይዟል። በስድሳው ደቂቃ ያሸነፈ ሦስቱን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያሸነፈ ሁለቱን ወስዶ አንዱን ለተሸናፊው ይተዋል። ሚዛኑ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ዘግይቶ በመጣ ድልና በሙሉ ድል መካከል ያለው ልዩነትም በግልጽ ይታያል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የነገርሁህ ስለ ሆኪ ብዬ ብቻ አይደለም። በዚያ ማታ ሽማግሌው «ለምን ይዋሻል?» ባሉ ጊዜ በደረቴ ውስጥ የተሰማኝ ነገር ነበረ።

በወጣትነቴ በማስተምርበት በአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ የሚሆን የነጻ ትምህርት ዕድል መጣ። ከክፍሌ ሁለት ልጆች በአማካይ ዘጠና አንድ አምጥተው ፍጹም እኩል ነበሩ። ስሙን እስከ ማግሥቱ ድረስ ማስተላለፍ ግድ ነበር። እኔም ሁለቱን ጠርቼ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ቀድሞ የመለሰ ይሂድ ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር። አንደኛው መለሰ፤ ሁለተኛውም ያንኑ መልስ ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ከግዴታ የመጣ ነው፤ ብዙም አያስነቅፈኝም። ነገር ግን በማግሥቱ ጧት ተማሪው ሁሉ በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ተሰልፎ ሳለ «እገሌ በዕውቀቱ በልጦ ተመርጧል» ብዬ ተናገርሁ። እንዲህ ያልሁት ወላጆች እንዳይጠይቁኝና ፍርዴ የጸና እንዲመስል ነው። ሁለተኛው ልጅ በሰልፉ ውስጥ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ልጅ በአንድ ገበያ አገኘሁት፤ የእህል ወፍጮ ባለቤት ሆኖ ነበር። በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ቡናም ጋበዘኝ። ስንለያይ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፥ ዕድሉን ማጣቴ አልነበረም የጎዳኝ፤ አንዱ ማጣቱ አይቀርም ነበር። የጎዳኝ አነስሁ መባሌ ነው። እኔም አምኜዎት፥ ከዚያ ወዲያ በክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም።» እኔም በዚያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁና «ዕድል ነው ልጄ» ብዬ ሸሸሁ። ዕድል መሆኑን ልናገር የሚገባኝ ግን ከሃያ ዓመት በፊት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ነበር።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። ቅርጫ ሲታረድ ያየህ እንደ ሆነ፥ ሥጋው አስቀድሞ በጥንቃቄ እኩል እኩል ተደርጎ ይመደባል፤ ከጭቅናውም፥ ከጉበቱም፥ ከአጥንቱም ለየመደቡ ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ዕጣው አንዱን መደብ ለአንዱ፥ ሌላውን ለሌላው ይሰጣል፤ ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው «ከጎረቤቴ ስለምበልጥ ይህ ደረሰኝ» አይልም። ዕጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና ማንም አያፍርም፤ ማንም አይታበይም። ዕጣ የሚያስቀይመው ዕጣነቱ ሲሸሸግ ነው።

ከሚኒሶታ ከተመለስሁ በኋላ ለዚያ ወፍጮ ላለው ሰው ደብዳቤ ጻፍሁለት። ሁለቱ እኩል ዘጠና አንድ ማምጣታቸውን፥ አንዱ የተመረጠው በመልስ ፍጥነት እንጂ በዕውቀት ብልጫ አለመሆኑን፥ እኔም በአደባባይ የተናገርሁት ሐሰት መሆኑን ገልጬ፥ ስሜን ጽፌ ፈረምሁበት። ደብዳቤው የጠፋውን ዘመን አይመልስለትም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የነበረው ስሕተት ተቃንቷል።

አንተም ነገ ዳኛ፥ አስተማሪ፥ አለቃ ወይም አባት ትሆናለህ፤ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎችም በፊትህ ይቆማሉ። ሊለዩ ይገባ እንደ ሆነ አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ፤ የማያስፈልግ ከሆነ እኩልነታቸውን አትንካ። የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የምትለይበትን መንገድ ሳትጀምር ተናገር፤ ከለየህም በኋላ ለተመረጠው ዋንጫውን፥ ላልተመረጠው እውነቱን ስጥ። ራስህም የተመረጥህ እንደ ሆነ ወደ ጓደኛህ ዘወር ብለህ እጁን ጨብጠው፤ ያገኘኸው በአንዲት ምት እንደ ሆነ ታውቃለህና።